ራይቦሶሙን ማን ያላቅቀዋል?

ሠላሳ ዓመት ለሚሆን ጊዜ፣ አንድም ቀን በዓይኔ ያላየሁትን ነገር ሳስተምር ኖርኩ። ቄሶቹ ስለ መላእክት ያስተምራሉ፤ እኔ ደግሞ ስለ ራይቦሶም። ጡረታ ከወጣሁ ወዲህ ሰቆጣ ገበያ ላይ የሚያገኙኝ የድሮ ተማሪዎቼ «ቲቸር፣ አሁን ምን እየሠሩ ነው?» ይሉኛል። «እየተደነቅኩ ነው» ስላቸው ይስቃሉ። የእውነቴን ግን ነው። ሥራ ላይ ሳለሁ ለመደነቅ ጊዜ አልነበረኝም። ደወል ይደወላል፣ ክፍል ይለወጣል፣ የሚታረመው ደብተር ጠረጴዛው ላይ ተከምሮ ይጠብቃል። አሁን ግን ጠዋት ተነስቼ ጥፍሬን ስቆርጥ እንኳ ቆም ብዬ የማየው ነገር አለኝ።

ለማያውቀው ላስረዳ። ሰውነታችን ውስጥ ባሉት ሴሎች ውስጥ፣ ትምህርት ቤት በነበረን ማይክሮስኮፕ ለይተን የማናያቸው እጅግ ብዙ ጥቃቅን ሠሪዎች አሉ። ራይቦሶም ይባላሉ። አንዱ ራይቦሶም ሁለት አካል አለው፤ ትልቅና ትንሽ። ሁለቱ ሲገጥሙ በመካከላቸው አንድ ቀጭን ክር ያልፋል። በክሩ ላይ ትእዛዝ ተጽፏል። ራይቦሶሙ ትእዛዙን እያነበበ፣ ተሸካሚዎች የሚያመጡለትን አሚኖ አሲድ አንዱን ካንዱ እየቀጠለ ፕሮቲን ይሠራል። ጸጉራችንም ጥፍራችንም ጡንቻችንም ከዚህ ሥራ የሚወጡ ናቸው። ትእዛዙ «አበቃ» የሚልበት ቦታ ላይ ሲደርስ ፕሮቲኑ ይለቀቃል። ይህን ሁሉም መጽሐፍ ይናገራል። ከዚያስ? ክሩን እንደጨበጡ የቀሩት ሁለቱ አካላት ምን ይሆናሉ? የሥራ ዘመኔ ትልቁ ጥፋትም ትልቁ ደስታም የመጣው ከዚህች ጥያቄ ነው።

መጀመሪያ የተመደብኩት ደሃና፣ አምደወርቅ ነበር። ከኮሌጅ በዲፕሎማ ወጥቼ፣ አንድ ሻንጣና አንድ ፍራሽ ይዤ በእህል መኪና ላይ ተጭኜ ደረስኩ። እዚያ ሳይንስ የተባለውን ሁሉ አንድ ላይ አስተማርኩ። ደመወዙ ዘግይቶ ይመጣል፣ መጥቶም ቶሎ ያልቃል፤ ስለ እሱ ይኼ ይበቃል። በሰማንያዎቹ ማብቂያ ላይ ዝውውር ተፈቀደልኝና ሰቆጣ ወዳለ ሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤት መጣሁ።

የባዮሎጂ ክፍል ኃላፊው ጋሽ ታረቀኝ ይባሉ ነበር። ረጅም፣ ከሲታ፣ ሲያስተምሩ ድምፃቸውን የሚቀንሱ ሰው። እሳቸውን ለመስማት ተማሪው ጸጥ ማለት ነበረበት፤ ጸጥ ይልም ነበር። ጠመኔያቸውን በከረሜላ ቆርቆሮ ውስጥ ይይዛሉ። ሰሌዳው ላይ ጽፈው ሲጨርሱ ወደ መጨረሻው ዴስክ ይሄዱና ከተማሪዎቹ ጋር ተጠጋግተው ተቀምጠው የራሳቸውን ጽሑፍ ያነቡታል። «እኔ ከዚህ ሆኜ ካላነበብኩት እሱም አያነበውም» ይላሉ። ከሁሉ የገረመኝ ግን የሰሌዳው የቀኝ ጥግ ነው። በጠመኔ አራት ማዕዘን ያሰምሩበትና ተማሪ የጠየቃቸውን፣ መልሱን የማያውቁትን ጥያቄ ከነጠያቂው ስም እዚያ ይጽፋሉ። አንዳንዱ ጥያቄ ሴሚስተሩን ሙሉ እዚያው ይከርማል። ሰሌዳ የሚያጠፋ ተማሪ ያንን ጥግ አይነካም።

«ተማሪ ፊት አላውቅም ማለት አያሳፍርዎትም?» አልኳቸው አንድ ቀን።

«እንዴት አያሳፍርም! ዋሽቶ መገኘት ግን ይብሳል» አሉ። «ደግሞ ስማኝ፣ ‹በራሱ ይሆናል› የምትል ቃል ከአፍህ ልትወጣ ስትል ምላስህን ያዝ። ሰነፍ አስተማሪ የሚደበቅባት ቃል ናት።»

ፕሮቲን እንዴት እንደሚሠራ የማስተምርበትን ሞዴል ያሠሩኝ እሳቸው ናቸው። ከወንዝ ዳር ሸክላ አፈር አመጣን። ትልቁንና ትንሹን አካል ለብቻ ለብቻ ሠራንና ሲገጥሙ በመካከላቸው ክር የምታልፍበት ቦይ አበጀንላቸው። ሸክላ ሠሪዎች ዘንድ ወስደን ከጀበናና ከገንቦ ጋር አስተኮስነው። ክሩ የበግ ጸጉር ፈትል ነው፤ በሦስት በሦስት ቋጠሮ ትእዛዝ «ጻፍንበት»። አሚኖ አሲዱ ባቄላ፣ ሽምብራ፣ አተርና በቆሎ ሆነ። ጥሬውን ውኃ ውስጥ አሳድረው ሲለሰልስ በወስፌ ይበሱታል፤ ደረቁን ከበሱት ይሰነጠቃል። ትንሽ ነገር ይመስላል። ግን የተሰነጠቀ ባቄላ ይዘህ ክፍል ብትገባ ተማሪው ስለ ራይቦሶም ሳይሆን ስለ ባቄላው ነው የሚስቀው።

ከሁለት ዓመት በኋላ አሥራ አንደኛ ክፍልን ለብቻዬ ያዝኩ። እዚያ ክፍል ውስጥ ትብለጥ የምትባል ልጅ ነበረች። ከጋዝጊብላ የመጣች የገበሬ ልጅ ናት። ከሁለት ጓደኞቿ ጋር ቤት ተከራይታ፣ በየሁለት ሳምንቱ ስንቋን ከቤቷ በእግሯ እየተመላለሰች እያመጣች ትማራለች። የአፍ መፍቻዋ ኽምጣና ስለነበር አማርኛዋ ዝግ ያለ፣ ቃል የሚመርጥ ነው። ስትጠይቅ ጥያቄውን ከአፏ ከማውጣቷ በፊት በልቧ የለካችው ይመስላል።

ያን ዕለት በሞዴሉ አስተማርኩ። ባቄላው፣ ሽምብራው፣ አተሩ ተራ በተራ ተሰካ። ክሩ መጨረሻው ቋጠሮ ላይ ደረሰ። የተሠራውን «ፕሮቲን» አውጥቼ ከፍ አድርጌ አሳየኋቸው፤ ክፍሉ አጨበጨበ። ከዚያ ሁለቱን ሸክላዎች በሁለት እጄ ለያይቼ ጠረጴዛው ላይ አስቀመጥኩና «ራይቦሶሙም ይለያያል፤ እንደገና ለሌላ ሥራ ይዘጋጃል» አልኩ። ትብለጥ እጇን አወጣች።

«ቲቸር፣ አሁን እርስዎ በእጅዎ ለያዩት። ሴሉ ውስጥ ማን ነው የሚለያየው?»

«በራሱ ይለያያል» አልኩ። መጽሐፋችን የሚለው «ይለያያል» ብቻ ነበር። «በራሱ» የምትለዋን የጨመርኳት እኔ ነኝ።

አልተቀመጠችም። «በራሱ የሚለያይ ከሆነ፣ ለምን ሥራው መሃል ላይ አይለያይም? እስከ መጨረሻው ጠብቆ ከያዘ፣ መጨረሻ ላይ ማን አስለቀቀው?»

ከዚያ የበለጠ ጥያቄ በሥራ ዘመኔ ሰምቼ አላውቅም። ያኔ ግን የሰማሁት ጥያቄውን አልነበረም፤ ጭብጨባዬን ያቋረጠችብኝ ልጅ ድምፅ ነበር። «እንግዲህ አንቺ ገብተሽ ለያዪው!» አልኳት። ክፍሉ በሳቅ ፈነዳ። ተቀመጠች።

በፈተናው ላይ ስለ ፕሮቲን አሠራር ማብቂያ ጠይቄ ነበር። እሷ ሁሉንም በትክክል ጽፋ፣ በመጨረሻው መስመር ላይ «ራይቦሶሙን የሚለያየው ነገር አለ፤ ምን እንደሆነ ግን አልተማርንም» ብላ ጨረሰች። በቀይ ቀለም ሰረዝኩትና ለጥያቄው በሙሉ ዜሮ ሰጠኋት። የቀረው መልሷ ትክክል ነበር። ለዚያም ዜሮ ሰጠሁት። ተናድጄ ነበር፤ ሌላ ምክንያት የለኝም።

ነገሩን እንደ ቀልድ ለጋሽ ታረቀኝ አወራኋቸው። ሰሌዳ ላይ ሊጽፉ ጠመኔ እየመረጡ ነበር። ቆርቆሮውን ዘጉት።

«እስኪ ጥያቄዋን ድገምልኝ» አሉ። ደገምኩላቸው።

«አንተ መልሱን ታውቀዋለህ?»

«አላውቀውም።»

«እኔም አላውቀውም። አሥራ ምናምን ዓመት ሳስተምረው መልሱ የጎደለ መሆኑን እንኳ አላየሁትም። ነገ ሂድና አላውቅም በላት። ነጥቧንም መልስላት።»

«እሺ» አልኩ።

አልሄድኩም። በማግስቱ ስብሰባ ነበር አልኩ። በሳምንቱ ደግሞ ራሷ ትምጣ አልኩ። እውነቱ ግን፣ ክፍሉ ፊት ቆሜ «ተሳስቻለሁ» ማለት ከበደኝ። ትብለጥ ከዚያ ወዲህ እጇን አላወጣችም። የሴሚስተሩ ዕረፍት መጥቶ ተማሪው ሲመለስ እሷ አልተመለሰችም። አብራት የምትኖረውን ልጅ ጠየቅኳት።

«አባቷ አሟቸዋል፤ ሥራ የሚያግዛቸው የለም። ደግሞ ሳይንስ ለእኔ አይሆንም ብላለች» አለችኝ።

የአባትየው ሕመም የእኔ ጥፋት አይደለም። ሁለተኛው ዐረፍተ ነገር ግን የእኔ ነው። ሥራ የበዛበት ሰው ጥፋቱን ይረሳል ይላሉ፤ እኔ አልረሳሁትም። ያንን ትምህርት በየዓመቱ ሳስተምር፣ ሸክላዎቹን በእጄ ስለያይ፣ ድምፄ ይቀንስ ነበር።

ጋሽ ታረቀኝ ጡረታ ወጥተው ወደ ልጃቸው ሄዱ። የባዮሎጂ ክፍሉን ሲያስረክቡኝ ስለ ትብለጥ አንድም ቃል አልተናገሩም። ቢናገሩኝ ይሻለኝ ነበር።

ዓመታት አለፉ። በኋላ ዲፕሎማዬን ወደ ዲግሪ ለማሳደግ የክረምት ትምህርት ተፈቀደልኝና ባሕር ዳር ሄድኩ። እኩዮቼ የሆኑ፣ ሽበት የጀመራቸው መምህራን በተማሪ ወንበር ተቀምጠን ልጆቻችን የሚሆኑ አስተማሪዎች ያስተምሩን ነበር። አንድ ከሰዓት፣ ዝናቡ ቆርቆሮውን እየደበደበው፣ አንዲት ወጣት መምህርት ስለ ፕሮቲን ማስተማር ጀመረች። እኔ የማውቀው ነው ብዬ ዘና ብዬ ተቀምጫለሁ። ፕሮቲኑ የሚለቀቅበት ላይ ስትደርስ ጠመኔዋን አላስቀመጠችም።

«ብዙዎቻችሁ እዚህ ጋ አበቃ ብላችሁ ታስተምራላችሁ» አለች። «ግን አላበቃም። ራይቦሶሙ ክሩን እንደያዘ፣ ባዶ ተሸካሚ እንዳቀፈ ቆሞ ቀርቷል። ዝም ብለው ቢተዉት ቶሎ አይላቀቅም። የሚያላቅቀው ሌላ ፕሮቲን አለ።»

ወንበሬን ይዤ ቀረሁ።

ቀጠለች። በባክቴሪያ ውስጥ ያ አላቃቂ ፕሮቲን ወደ ራይቦሶሙ መሃል ይገባል። ሌላ ጉልበት ያለው ረዳት ይመጣና ኃይል አውጥቶ ይገፋዋል፤ ሁለቱ አካላት ያን ጊዜ ይለያያሉ። እንዳይመለሱና ባዶአቸውን እንዳይገጥሙም ትንሹን አካል የሚይዝ ሌላ አለ። ከዚያ ክሩም ተሸካሚውም ነፃ ይወጣሉ፤ ሁለቱም አካላት ለሚቀጥለው ሥራ ይሰለፋሉ። ይህ አላቃቂ የሌለው ባክቴሪያ በሕይወት አይኖርም። ራይቦሶሞቹ ሁሉ ባለቀ ሥራ ላይ ተገትረው፣ አዲስ የሚጀምር ይጠፋልና።

ትምህርቱ ሲያልቅ ተከትያት ወጣሁ። «በእኛ በሰዎቹ ሴል ውስጥስ የሚያላቅቀው ማነው?» አልኳት።

«በደንብ አልታወቀም፤ እየተፈለገ ነው» አለችኝ፤ ሳታፍር፣ እንደ ዋዛ። በኋላ፣ ብዙ ቆይቶ፣ በእኛ ሴል ያንን ሥራ የሚሠራው ፈጽሞ ሌላ ፕሮቲን እንደሆነ አነበብኩ።

የዚያን ዕለት ከቤተ መጻሕፍት አንድ መጽሐፍ አውጥታ ሥዕሉን አሳየችኝ። የአላቃቂው ቅርጽ፣ አሚኖ አሲድ የሚያመጡትን ተሸካሚዎች ይመስላል። ቁርጥ እነሱን። ሥራው ሲካሄድ ተሸካሚዎቹ በሚገቡበት ቦታ አካባቢ፣ ሥራው ሲያልቅ ተሸካሚ መሳዩ ገብቶ ራይቦሶሙን ይከፍተዋል። መጽሐፉን ዘግቼ ደጅ ወጣሁ። ዝናቡ አባርቶ ሰው በመንገዱ ላይ ይመላለሳል። ሻይ የምታቀርበው ሴት፣ ጫማ የሚጠርገው ሰው፣ ብስክሌት የሚነዳው፣ በእያንዳንዳቸው ውስጥ በዚያች ቅጽበት ቁጥር ስፍር የሌለው ራይቦሶም ሥራ እየጨረሰ እየተላቀቀ እንደገና እየጀመረ ነው። አንዱም ሰው አያውቅም። ሳላስበው አማተብኩ። ቀጥሎ የመጣብኝ ግን ደስታ አልነበረም። ይህን ሁሉ ሰው የደከመበትን ነገር ከጋዝጊብላ የመጣች ልጅ ሁለት ሸክላ አይታ ጠይቃው ነበር፤ እኔ ደግሞ ዜሮ ሰጥቼአት ነበር።

ሰቆጣ ስመለስ የትብለጥን ወንድም ገበያ ላይ አፈላልጌ አገኘሁት። አባታቸው ማረፋቸውን፣ እሷ ደግሞ የጤና ኤክስቴንሽን ሠራተኛ ሆና ሰሃላ መመደቧን ነገረኝ። ሸክላዎቹን በጋቢ ጠቅልዬ ተነሳሁ። መኪና የሚደርስበት ድረስ በመኪና፣ ከዚያ በእግር ሄድኩ። ጉልበቴ የወጣትነቱ አልነበረምና መንገድ ላይ አንድ ገበሬ ቤት አደርኩ። «ለምን ጉዳይ ነው?» ቢለኝ «ጥያቄ ልመልስ» አልኩት። የመሬት ክርክር መስሎት «እግዚአብሔር ይርዳዎት» አለኝ።

በማግስቱ ረፋዱ ላይ ጤና ኬላው ጋ ደረስኩ። ደጁ ላይ ዓይናቸውን የሚታመሙ ሴቶችና ልጆች ጥላ ስር ተቀምጠዋል። ትብለጥ በበሩ ብቅ ስትል አወቅኋት። እሷም አወቀችኝ። እጇን በነጠላዋ ጠርጋ ጎንበስ ብላ ሰላም አለችኝ።

«ቲቸር! በደኅና ነው?»

«በደኅና ነው። ለጠየቅሽኝ ጥያቄ መልስ ይዤ መጣሁ።»

የትኛውን ጥያቄ ብላ አልጠየቀችም። ጋቢውን ፈትቼ ሸክላዎቹን መሬት ላይ አስቀመጥኩና እዚያው፣ ሴቶቹም እያዩ፣ ሁሉንም ነገርኳት። የሚያላቅቀው እንዳለ፣ ኃይል እንደሚያወጣ፣ ተሸካሚ እንደሚመስል፣ ያለ እሱ ሕይወት እንደሚቆም። በመጨረሻም «አንቺ ትክክል ነበርሽ። እኔ ነኝ የተሳሳትኩት። ዜሮውም ግፍ ነበር» አልኳት።

ትንሹን ሸክላ አንስታ በመዳፏ አገላበጠችው።

«ዜሮው አይደለም የጎዳኝ» አለች። «ልጆቹ ሲስቁ እርስዎም አብረው ሳቁ።»

መሳቄን ረስቼው ነበር። ያን ሁሉ ዓመት ጥፋቴን ስቆጥር፣ እሱን አንድም ቀን አልቆጠርኩትም። «ይቅር በይኝ» አልኩ።

«ይቅር ለእግዚአብሔር» አለች። ወዲያው ግን ግንባሯ ተሸበሸበ፤ ያ ፊቷ፣ የድሮው፣ ጥያቄ ሲለካ የማውቀው ፊቷ ተመለሰ። «ቲቸር፣ ይኼ ለዓይን የምንቀባው ቴትራሳይክሊን የባክቴሪያውን ፕሮቲን ሥራ ያቆማል ብለውን ነበር። እንግዲህ የሚይዘው ይኼን ነዋ?»

«አዎ። ያውም የያዝሽውን፣ ትንሹን አካል ነው የሚይዘው። ተሸካሚው መግቢያ ያጣል።»

«ይኼን በእጄ ይዤ ነው የምውለው?» አለች የቅባቱን ቱቦ ከኪሷ አውጥታ። በአንድ እጇ ሸክላውን፣ በሌላው ቱቦውን ይዛ ጎን ለጎን አስጠግታ አየቻቸው። ፈገግታዋን ያየሁት ያን ጊዜ ነው።

ከፊት የተቀመጡ አንዲት አሮጊት ነበሩ፤ ሽፋሽፍታቸው ወደ ውስጥ ታጥፎ ዓይናቸው ቀልቷል። ትብለጥ ፊታቸው በርከክ ብላ በኽምጣና ለረጅም ጊዜ አወራቻቸው፤ ሸክላውንም አሳየቻቸው። አሮጊቷ በጣታቸው ነካ አደረጉትና አንድ ነገር ተናገሩ። ትብለጥ ወደ እኔ ዞረች።

«ምን አሉ?» አልኳት።

«መድኃኒቱ በዓይንዎ ውስጥ ያሉት ተህዋሲያን የሚሠሩበትን መሣሪያ ይይዝባቸዋል ብዬ ነገርኳቸው። ‹ታዲያ እኔም ውስጥ እንዲህ ያለው አለ ካልሽኝ፣ የእኔውንስ አይዘውም ወይ?› ነው የሚሉት።»

እኔ ‹የእኛውስ?› ብዬ ለመጠየቅ ባሕር ዳር ድረስ ሄጄ መማር አስፈልጎኝ ነበር። እሳቸው ግን ፊደል አልቆጠሩም፤ ሸክላውን ገና አሁን ነው ያዩት። እንዳልቸኩል ራሴን ያዝኩ።

«ጥያቄው ትልቅ ነው በያቸው። የእርስዎ ከነሱ በአሠራሩ ይለያል፤ መድኃኒቱ በነሱ ላይ ይበረታል እንጂ በእርስዎ ላይ ያን ያህል አይጠናም በያቸው።»

ትብለጥ ነገረቻቸው። አሮጊቷ በሁለት ጣታቸው የዓይናቸውን ቆብ ራሳቸው ገልጠው፣ ፊታቸውን ወደ ብርሃኑ አቀኑና በአማርኛ፣ እኔም እንድሰማ ድምፃቸውን ከፍ አድርገው «እንግዲያው ቀቢኝ ልጄ» አሉ።